አንድ ቆሽት፣ ብዙ ዓይን

ዓይነት 1 የስኳር በሽታን ለማጥናት የተነሣችሁ ልጆቼ፣

ይህ ሥራ ብቻውን መሮጥ ለሚወድ ሰው አይመችም። ምክንያቱ ራሱ ቆሽት ነው። ከጨጓራ ጀርባ ተሸሽጎ የሚኖር፣ ሲነኩት የሚቆጣ አካል ስለሆነ ከሕያው ሰው ናሙና መውሰድ አደገኛ ነው። በበሽታው የሚጠቁት፣ ኢንሱሊን የሚያመነጩት ቤታ ሴሎች የሚገኙባቸው ደሴቶች የሚባሉት የሴል ክምችቶችም ከቆሽቱ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ቢሆኑ ነው።

ስለዚህ ለረጅም ጊዜ አይጥ ላይ ተደገፍን። በሽታው የሚመጣው የሰውነት መከላከያ የገዛ ራሱን ቤታ ሴሎች ሲያጠፋ ነው፤ በአይጥ ነጭ የደም ሴሎች ደሴቶቹን ሲወርሩ በግልጽ ይታያል። የሰው ቆሽት ግን ይህን ያህል ገር አይደለም። በአንዲት ስስ ቁራጭ ላይ አንዱ ደሴት ተወርሮ፣ ጎረቤቱ ምንም ሳይነካው፣ ሌላው ደግሞ ቤታ ሴሎቹን ጨርሶ የደም ስኳርን ከፍ የሚያደርገውን ግሉካጎን የሚሠሩት አልፋ ሴሎች ብቻ ቀርተውበት ታገኛላችሁ። ያችን ቁራጭ ብቻ አይቶ «በሽታው እንዲህ ነው» ማለት ድፍረት ነው፤ ብዙዎቻችን ግን ደፍረናል።

እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን የጀመረው ኤንፖድ (nPOD) የተባለው የምርምር መረብ ይህን አካሄድ ቀየረው። ሕይወታቸው ካለፈ ለጋሾች የተገኘውን ቆሽት አዘጋጅቶ በተለያዩ አገሮች ላሉ ተመራማሪዎች ያካፍላል። የቫይረስ አጥኚውም፣ የዘረ መል አጥኚውም፣ የበሽታ መከላከያ ሥርዓት አጥኚውም የአንዱን ለጋሽ ሕብረ ሕዋስ ያያሉ። ሲከራከሩም ክርክሩ ስለ አንድ ነገር ይሆናል። በተለይ ገና ሳይታመሙ በደማቸው ውስጥ የበሽታው ምልክት የሆኑ፣ የገዛ ቆሽታቸውን ዒላማ ያደረጉ ፀረ እንግዳ አካላት የተገኙባቸው ለጋሾች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ አንድ ቤተ ሙከራ ብቻውን ቢጠብቅ ዕድሜው አይበቃውም። ከበሽታው ጋር ለብዙ ዓመታት በኖሩ ሰዎች ቆሽት ውስጥ ጥቂት ቤታ ሴሎች ተርፈው መገኘታቸውም ቀላል ነገር አይደለም። ሁሉም ያልቃሉ ብለን ነበር የተማርነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ቁራጩ ከቆሽቱ ራስ ይሁን ከጅራቱ፣ ለጋሹ ካረፈ በኋላ ስንት ሰዓት እንደቆየ መዝግቡ፤ ይህ የሌለው ውብ ፎቶግራፍ ለእኔ ጌጥ ነው። በሽታውን ይቀሰቅሳል ተብሎ የሚጠረጠር ቫይረስ ፈልጋችሁ ካጣችሁ ማጣታችሁንም ለባልደረቦቻችሁ አሳውቁ። የእናንተን ውጤት ሳያውቅ ሴሎቹን የሚቆጥር ሁለተኛ ሰው ፈልጉ፤ በሐሳብ ከእናንተ ጋር የማይስማማ ቢሆን ይመረጣል።

ስለ ስምም ላንሣ፣ ማንም በግልጽ አይነግራችሁምና። በጥናታዊ ጽሑፍ የደራሲዎች ዝርዝር መካከል ላይ መቀመጥ ለወጣት ያማል፤ ቀጣሪዎችም የፊተኛውንና የኋለኛውን ስም ብቻ ማየት ይወዳሉ። ይህ ፍትሐዊ አይደለም። ስለዚህ ማን ምን እንደሚሠራና ስሙ የት እንደሚገባ ናሙናው ከመታደሉ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። አለቃችሁ «በኋላ እንነጋገራለን» ቢላችሁም በዚያው ቀን ጠይቁት።