ካርድ ሊሰጥ ነው፤ ምን ልጠይቅ?

ጥር ሲጋመስ የዚህ ዓምድ ደብዳቤዎች ጠባያቸው ይለወጣል። እስከ ጥምቀት ድረስ ስለ ቤት ኪራይና ስለ አማት ነበር የምትጽፉልኝ። አሁን ሁሉም ስለ ካርድ ሆኗል። ፈተናው አልቋል፣ መምህራን ማርክ እየደመሩ ነው፣ የወላጅ ሆድ ደግሞ ባር ባር ብሏል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ እያደረግኩ ልመልስ።

«ፒያሳ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ካርድ የሚሰጠው ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበያ በሚደራበት ሰዓት ነው። ዘግቼ እሄዳለሁ፣ አንድ ሰዓት እሰለፋለሁ። መምህሯ ጋ ስደርስ ‹ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ያወራል› ትለኛለች፣ ፈርሜ እመለሳለሁ። ለዚህች ነው ሱቄን የዘጋሁት?» (የ4ኛ ክፍል ተማሪ እናት)

እህቴ፣ ጥፋቱ የመምህሯ ብቻ አይደለም። «ልጄ እንዴት ነው?» ብለሽ ነው የጠየቅሻት አይደል? ይኼ እኮ ሰላምታ ነው። ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲልሽ ስለ ወገብ ሕመምሽ አትዘረዝሪለትም። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለሽ ታልፊያለሽ። መምህሯም እንደዚያው ናት። ከኋላሽ ሌላ 40 ወላጅ ተሰልፏል።

ያሉሽ ሦስት ደቂቃዎች ናቸው እንበል። መምህሯ ብቻ የምታውቀውን፣ ካርዱ ላይ የማይጻፈውን ጠይቂያት። «ሳይገባው ሲቀር ምን ያደርጋል? ይጠይቃል፣ ዝም ይላል ወይስ ከጓደኛው ይገለብጣል?» በያት። «የት ነው የሚቀመጠው? ከማን ጋር?» በያት። ቀላል ጥያቄ ይመስላል። የዘመዴ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ «ትኩረት የላትም» ስትባል ኖራለች። አንድ ቀን እናቷ የት እንደምትቀመጥ ጠየቀች። ከኋላ፣ መጨረሻው ዴስክ ላይ ነበር። ልጅቷ ሰሌዳው አይታያትም ነበር! ምኒልክ ሆስፒታል ዓይን ክፍል ወሰዷት፣ መነጽር ታዘዘላት፣ ትኩረቷም አብሮ መጣ።

ሌላው ጥያቄ ማርኩ ከምን ከምን እንደተደመረ ነው። ካርዱ ላይ የምታይው «72» ብቻ ነው። ከጀርባው ግን ቴስት አለ፣ አሳይመንት አለ፣ ሚድ አለ፣ ፋይናል አለ። መምህሯ የማርክ መዝገቡን ስታሳይሽ እዪው። አሳይመንቱ ሁሉ ሙሉ ሆኖ ፈተናው ዝቅ ካለ፣ የቤት ሥራውን ሌላ ሰው እየሠራለት ነው። ታላቅ እህቱን ወይም አስጠኚውን ጠርጥሪ። ፈተናው ጥሩ ሆኖ አሳይመንቱ ከጎደለ ደግሞ ልጁ ይችላል፣ ሰንፎ ነው። ሁለቱም 72 ናቸው፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም።

ደብተሩን ይዘሽ ሂጂ። ሒሳብ ደብተሩን ገልጠሽ ኤክስ የበዛበት ገጽ ላይ ጣትሽን አድርጊ። «ይቺን እርማት ሠርቷል?» ስትያት ወሬው ወዲያው ከ«ጎበዝ ነው» ያልፋል። ስትወጪም «ቤት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አስተካክሉ ብትባሉ የቱን ትመርጪልናለሽ?» በያት። አሥር ምክር ተቀብሎ የሚተገብር ወላጅ እስካሁን አላየሁም። እኔንም ጨምሮ።

ደግሞ ማን አለሽ በካርድ ቀን ብቻ ሂጂ? በካርድ ቀን ማርኩ ተደምሮ አልቋል። ወሩ ኅዳር ሳለ፣ በሥራ ቀን፣ ደወል ሳይደወል 15 ደቂቃ ቀድመሽ ድረሺ። መጀመሪያ በልጅሽ በኩል ወረቀት ላኪና ቀን አስይዢ፤ አለዚያ ዘበኛው በር ላይ ያቆምሻል። ሰልፍ የለም፣ ሱቅ መዝጋትም የለም።

«ልጄ 5ኛ ክፍል ነው። አምና በዚህ ወቅት 4ኛ ወጥቶ ነበር፣ ዘንድሮ 11ኛ። ካርዶቹን ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ። ምን ነካብኝ?» (አባት፣ ከሜክሲኮ አካባቢ)

ካርዶቹን አየኋቸው። እርስዎ የደረጃውን ረድፍ ብቻ ነው ያዩት፤ ብዙ ወላጅ እንደዚያው ነው። ዓይናችን ወደ ታች፣ ወደ መጨረሻው መስመር ይሮጣል። እስቲ ወደ ላይ እንመለስ።

አምና አማካዩ 87 ነበር። ዘንድሮ 88 ነው። ልጅዎ አልወረደም፣ ጨምሯል። ሌሎች ልጆች ከእሱ የበለጠ ጨመሩ፣ ወይም ጎበዝ ልጆች ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛወሩ፣ ወይም ክፍሎቹ እንደገና ተደለደሉ። ላይኛው ረድፍ ላይ ያሉ ልጆች ደግሞ ተጠጋግተው ነው የሚቆሙት። በ4ኛና በ11ኛ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ በየትምህርቱ ሁለት ሁለት ማርክ ብቻ ነው። ሁለት ማርክ ማለት እኮ አንድ ያመለጠች «እውነት ወይም ሐሰት» ናት።

ታዲያ ምንም ችግር የለም ማለት ነው? የለም፣ አለ። ግን ደረጃው ውስጥ አይደለም ያለው። ትምህርቶቹ 8 ናቸው፤ አማካዩ በ1 ሲጨምር ድምሩ በ8 ጨምሯል ማለት ነው። እንግሊዝኛውን ግን ይዩት፦ ከ84 ወደ 71። በ13 ወርዷል። ሌሎቹ ሰባቱ በአማካይ ሦስት ሦስት ማርክ ስለጨመሩ ሸፈኑት። አማካይ እንደ ነጠላ ነው፣ ከላይ ሲያለብሱት የተቀደደውን ይደብቃል።

እንግሊዝኛው ደግሞ የሚናቅ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ልጆች 7ኛ ክፍል ሲገቡ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ልጅዎ እስከዚያ ሁለት ዓመት ያልሞላ ጊዜ አለው። ቅዳሜ ሲሄዱ የክፍል ኃላፊውን «ለምን 11ኛ ወጣ?» ብለው አያድክሙት። በቀጥታ እንግሊዝኛ መምህሩን ፈልገው ማንበቡ ነው፣ መጻፉ ነው ወይስ ሰዋስው የጎዳው ብለው ይጠይቁ። ንባብ ከሆነ 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተ ነው፣ የልጆች ክፍልም አለው። ከሜክሲኮ በታክሲ ሩቅ አይደለም።

ልጁን ግን ዛሬውኑ «አማካይህ ጨምሯል፣ አይቻለሁ» ይበሉት። ስለ 11ኛው አንድ ሳምንት ሲወቀስ ከርሟል ብዬ እገምታለሁ።

«ካዛንቺስ ነው የኖርነው። ሰፈሩ ሲነሳ ወደ ገላን ጉራ ሄድን። ልጄን ግን ከድሮው ትምህርት ቤቷ አላወጣኋትም። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታም ታረፍዳለች። ጠባይዋ ከኤ ወደ ሲ ወርዷል። ልጄ እኮ ጨዋ ናት።»

ጨዋነቷን አልተጠራጠርኩም። ብዙ ትምህርት ቤት ማርፈድን ከጠባይ ነው የሚቆጥረው። የክፍል ኃላፊዋ ቤታችሁ እንደተቀየረ ያውቃል? ካልነገራችሁት አያውቅም። እሱ የሚያየው ዘግይታ የምትገባ፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የምታንቀላፋ ልጅ ነው። ሂጂና ንገሪው፤ ዩኒት ሊደሩም ይስማ። ሲውም ባይነሣ፣ ልጅቷን የሚያይበት ዓይን ይቀየራል። ለመስከረም ለማዘዋወር ካሰብሽ መሸኛውን በሰኔ አውጪ፣ የድሮ ካርዶቿንም ኦሪጅናላቸውን እጅሽ ላይ አኑሪ።

«የልጅ ልጄን ነው የማሳድገው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ካርድ ተቀበሉ ሲባል አፍሬ ጎረቤት እልካለሁ። ይኼን የጻፈችልኝም የጎረቤቴ ልጅ ናት።» (ከግንፍሌ)

እማማ፣ የእኔም እናት ፊደል አልቆጠረችም። ማታ ማታ ግን ደብተሬን ትገልጥ ነበር። ራይትና ኤክስ ለመለየት ማንበብ አያስፈልግም። «ዛሬ ኤክሱ በዛ፣ ምን ሆነሃል?» ትለኝ ነበር። አዲስ ገጽ ካልተጻፈበት ደግሞ «ዛሬ መምህራኑ በሙሉ ታመሙ እንዴ?» ትለኛለች። አንድም ቀን አታልያት አላውቅም።

ስለዚህ እርስዎ ራስዎ ይሂዱ። መምህሩን «እኔ ማንበብ አልችልም፣ ልጄ በቃል ይንገሩኝ» ይበሉት። ነውር የለበትም። ልጁን ያሳደጉት እርስዎ ነዎት፤ ጎረቤት መልእክት ያደርሳል እንጂ ልጁ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ እናቱን ሲያስታውስ እንዴት እንደሚሆን ለመምህሩ ሊነግርልዎ አይችልም። ማታ ቡናው ሲፈላም «እስቲ አንብብልኝ» ይበሉት። ባይገባዎትም ይስሙት። ሲንተባተብ ያውቁታል።

«ልጄ የግል ትምህርት ቤት 8ኛ ክፍል ናት። ካርዷ ላይ አማካይዋ 94 ነው። የክፍለ ከተማው ሞዴል ፈተና ላይ ግን 51 አመጣች። የቱን ልመን?»

ሞዴሉን። ይቅርታ፣ ማለሳለስ ስለማልችልበት ነው።

ካርድ ትምህርት ቤቱ ራሱ አስተምሮ፣ ራሱ ፈትኖ፣ ራሱ አርሞ የሚሰጠው ነው። ፈተናው ከራሱ ወርክሺት ቃል በቃል ከወጣ የሸመደደ ልጅ 94 ያመጣል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ነበር። እነዚያ ልጆች ሁሉ በየዓመቱ «ተዛውሯል»፣ «ተዛውራለች» የሚል ካርድ ተቀብለዋል። ካርዱን ያየ ወላጅ በየቤቱ ዶሮ አርዷል።

እቤት አንድ ነገር ሞክሪ። ከመማሪያ መጽሐፉ፣ ከወርክሺቱ ሳይሆን፣ የባለፈው ምዕራፍ መልመጃ ላይ አምስት ጥያቄ ምረጪና ያለ ደብተር ትሥራ። ካቃታት ፈተና ወረቀቷንና መጽሐፉን ይዘሽ ሂጂ። ጠብ ለመፍጠር አይደለም። «94ቱ ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ በቃላት ሲባል ክስ ይመስላል፤ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ስታስቀምጪ ግን መምህሩም ራሱ ዝም ይላል። ሚኒስትሪው ገና ነው፣ ጊዜ አለ።

«8ኛ ክፍል ነኝ። ሒሳብ 43 አምጥቼ በቀይ ተጽፎብኛል፣ ‹ወላጅ አምጣ› ተብያለሁ። አባቴ ይገርፈኛል። የአጎቴን ልጅ እንደ ወላጅ ይዤ ብሄድስ?»

ስማ፣ እኔ በአንተ ዕድሜ ይኼን አድርጌዋለሁ። ፒያሳ ላይ ሎተሪ የሚያዞር ሰውዬ ሁለት ብር ከፍዬ አባቴ አደረግኩት። ሰውየው ሥራውን ወደደው። ዳይሬክተሩ ጥፋቴን ሲዘረዝር ተናዶ በጥፊ አጮለኝ። በገዛ ሁለት ብሬ! በሳምንቱ ሰውየው ዳይሬክተሩን ጎዳና ላይ አገኘውና ሎተሪ ሊሸጥለት ቀረበ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አልነግርህም።

አታድርገው። ካርዱንም በምላጭ አትንካው፣ ወረቀቱ ሲሳሳ ከሩቅ ያስታውቃል። ካርድ ሳይሰጥ ዛሬ ማታ ለእናትህ ንገራት። «43 አመጣሁ፣ ያልገባኝ ይኼ ምዕራፍ ነው» በላት። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር እንዳትረሳ፣ ንዴት የሚያበርደው እሱ ነው። የክፍል ኃላፊህንም «አባቴ ሲመጣ እንዳይመታኝ ያናግሩልኝ» ብለህ መለመን ትችላለህ። ብዙ መምህር ይኼን ያደርጋል።

ለአባትየው ደግሞ፣ ካነበቡት፦ 43 በዱላ 50 አይሆንም።

«መምህሩን ‹ዓይኑን ብቻ አትንኩብኝ እንጂ እየቀጣችሁ አስተምሩልኝ› አልኩት። ደነገጠ። እኛ እንዲህ አይደል ያደግነው?»

አዎ፣ እንዲህ ነው ያደግነው። ከዚያ በኋላ ግን ሕገ መንግሥት ወጥቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው ይላል። እርስዎ ስለፈቀዱ አይፈቀድም። መምህሩ የደነገጠው ለዚህ ነው።

«የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የልጄን ካርድ ለጥፌ ማርኩ ተሳስቷል ብል ችግር አለው?»

አለው። 50 ወላጅ የልጅሽን ማርክ ያያል፣ ነገ ልጆቻቸው ያወሩበታል። መምህሩም በሰው ፊት ስለሆነ «ተሳስቻለሁ» ማለት ይከብደዋል። ለብቻው ጻፊለት። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ደግሞ ቮይስ አትላኪ።

«መምህር ነኝ። 52 ተማሪ አለኝ። ወላጅ የሚመጣው ወይ ማርክ ለማስጨመር ወይ ለመጣላት ነው። ይኼንንም ጻፍልን።»

ጻፍኩ፣ መምህር። የ52 ልጅ ማርክ በእጅ ደምሮ ካርድ መሙላት ምን እንደሚመስል የሚያውቀው የሠራው ብቻ ነው። እኔም በምላሹ አንድ ልመና አለኝ። የአስተያየት መስመሩ ላይ «በርታ» ብቻ አይጻፉ። ልጄ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ባሉት ካርዶቹ ላይ «በርታ» የሚል አለው፤ በምን እንደሚበረታ ግን እስካሁን አላወቅንም።