ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ከተጋባን ስምንት ሳምንት፣ ካርዱ ላይ ግን አሥር

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የተጋባነው ጥር 18 ቀን ነው። መጋቢት 15 ቀን ባለቤቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእርግዝና ክትትል ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። የወር አበባዋ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው ጥር 5 ቀን እንደነበር ተናገረች፤ ካርዱ ላይ የእርግዝናው ዕድሜ 10 ሳምንት ተብሎ ተጻፈ። እኔ ስቆጥር ግን 8 ነው። እናቴ ካርዱን ካየች ወዲህ ፊቷ ተለውጧል፤ ባለቤቴም ታለቅሳለች። «ግራቪዳ 1፣ ፓራ 0፣ አቦርሽን 0» እና «ኦ ኔጌቲቭ» የሚሉትም አልገቡኝም።

መልስ፦ ካርዱና የሠርጋችሁ ቀን አይጋጩም። ይህን ዛሬውኑ ለባለቤትዎም ለእናትዎም ይንገሩልኝ።

እኛ ሐኪሞች የእርግዝናን ዕድሜ የምንቆጥረው ፅንሱ ከተፈጠረበት ዕለት ሳይሆን የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ነው። ፅንሱ የተፈጠረበትን ዕለት በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው እምብዛም የለም፤ የወር አበባዋን ቀን ግን ብዙ ሴት ታስታውሳለች። የወር አበባ በየ28 ቀኑ በሚመጣባት ሴት እንቁላል የሚለቀቀው በ14ኛው ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ በካርዱ ከተቆጠሩት ሳምንታት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ገና ምንም ያልተፀነሰባቸው ናቸው። ከጥር 5 እስከ መጋቢት 15 ድረስ 70 ቀን፣ ማለትም 10 ሳምንት ነው። እንቁላሉ የሚለቀቅበት ጊዜ ደግሞ ከሠርጋችሁ ሰሞን ጋር ይገጥማል። በየትኛዋም ነፍሰ ጡር ካርድ ላይ የሚሠራው ይኸው አቆጣጠር ነው። ካርዱን የሞላው ባለሙያ ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢያስረዳችሁ ኖሮ ባለቤትዎ ባላለቀሰች ነበር። ነፍሰ ጡር ሴት ባልበደለችው ስትጠረጠር ማየት ያንገበግበኛል።

የመውለጃዋን ቀንም ራስዎ ማስላት ይችላሉ። እርግዝና በዚህ አቆጣጠር 280 ቀን ነው፤ የእኛ ወር ደግሞ ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ ሂሳቡ ቀላል ነው። በመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ይደምሩ። መሃል ላይ ጳጉሜን ካለች ግን 9 ወር ከ5 ቀን ይሆናል፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 9 ወር ከ4 ቀን። ጳጉሜን 5 ከሆነች የባለቤትዎ ቀን ጥቅምት 10 ነው። በዚያች ዕለት የሚወለዱት ግን ጥቂቶች ናቸው። ከ37 ሳምንት በፊት ምጥ ከመጣ ልጁ ያለጊዜው ሊወለድ ነውና ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ 41 ሳምንት ሞልቶ ምጥ ካልመጣም ቤት ተቀምጠው አይጠብቁ። ወደ መጨረሻዎቹ ወራት የሚነሳ አልትራሳውንድ ሌላ ቀን ቢያሳይ አይደንግጡ። ዕድሜን በትክክል የሚለካው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተነሳው ነው፤ ዘግይቶ የተነሳው በሁለትና በሦስት ሳምንት ሊሳሳት ይችላል።

ግራቪዳ ስንት ጊዜ እንዳረገዘች፣ ፓራ ስንት ጊዜ እንደወለደች የሚነግር ነው። አቦርሽን የሚለው ሆን ተብሎ የተቋረጠውን ብቻ ሳይሆን በራሱ የወረደውንም ፅንስ ይጨምራል። ወደፊት በዚያ ቦታ 1 የሚል የተጻፈባት ዘመድ ካጋጠመችዎ በዚህ ብቻ አይፍረዱባት።

«ኦ ኔጌቲቭ» ግን ክትትል ይፈልጋል። የባለቤትዎ የደም ዓይነት ኦ ነው፣ አርኤች የሚባለው ነገር ደግሞ በደሟ ውስጥ የለም ማለት ነው። ልጁ ከእርስዎ ወርሶ አርኤች ፖዘቲቭ ከሆነ፣ ደሙ ከእሷ ደም ሲነካካ ሰውነቷ የልጁን ደም የሚዋጋ ነገር ሊያመርት ይችላል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የበኩሩን አይጎዳም፤ ተከትሎ የሚረገዘውን ግን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። መከላከያው አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ነው። በ28 ሳምንት ገደማ ይሰጣል፤ የተወለደው ልጅ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። እርስዎም የደም ዓይነትዎን ይመርመሩ፤ ኔጌቲቭ ከሆኑ ለሐኪሟ ይንገሩ። መርፌው በሁሉም ቦታ ስለማይገኝ የት እንደሚገኝ ከአሁኑ ያጠያይቁ።

በእርግዝናው መሃል ደም ከታየ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይዘዋት ይሂዱ፤ ኔጌቲቭ መሆኗንም ገና ሲገቡ ይናገሩ። ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣባት፣ የሽርት ውሃ ከፈሰሳት ወይም በኋለኞቹ ወራት የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰባትም እንዲሁ ያድርጉ፤ ሌሊት ቢሆንም።