ስለ ርካሽ ፕሮሰሰር ለጠየቃችሁኝ

ጎንደር ፒያሳ ኮምፒውተር እገጣጥማለሁ። በዝቅተኛ ዋጋ ስለሚሸጡ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች (ስሌቱን የሚሠራው የኮምፒውተሩ አንጎል) ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡትን ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ማራኪ ግቢ ተማሪ ነኝ። አንዱ ሱቅ አይ3-7100፣ ሌላው አይ3-8100 አለው። ሻጩ «ሁለቱም አይ3 ናቸው፣ ያው ናቸው» አለኝ።

መልስ፦ ያው አይደሉም ወንድሜ። ከ2010 ጀምሮ እስከ 7ኛው ጀነሬሽን (ትውልድ) የኢንቴል ዴስክቶፕ አይ3 ባለ 2 ኮር (ሥራውን የሚሠራው ክፍል) ነበር፤ 4 ኮር የፈለገ ከፍ ያለውን አይ5 ይገዛ ነበር። በ2017 ተፎካካሪው ኤኤምዲ ራይዘን የተባሉ ፕሮሰሰሮችን አወጣና ትንሹን ራይዘን 3 ሳይቀር ባለ 4 ኮር አደረገው። ኢንቴልም በዚያው ዓመት 8100ን በ4 ኮር ይዞ መጣ፤ ያውም በ7100 ዋጋ፣ በ117 ዶላር። ፉክክር ሲመጣ እንዲህ ይሆናል። አይ3 የሚለው ስም ኩባንያው በዚያ ዓመት የሰጠውን መደብ ነው የሚነግርህ፤ ጉልበቱን አይነግርህም። የፕሮሰሰሩን ብረት ክዳን ጠርገህ ቁጥሩን አንብብ፦ እዚህ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 7 ወይም 8 ጀነሬሽኑ ነው። ማዘርቦርዱንም አብረህ ጠይቅ። የሁለቱም ሶኬት (ፕሮሰሰሩ ቦርዱ ላይ የሚሰካበት ቦታ) 1151 ይባላል እንጂ 8100 ለ7ኛው ጀነሬሽን በተሠራ ቦርድ ላይ አይነሳም።

ጥያቄ፦ አራዳ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ፔንቲየም ጂ4560 በርካሽ አግኝቻለሁ፤ ልግዛ?

መልስ፦ እርስዎ፣ ሲወጣ ቢሆን ኖሮ ዓይኔን ሳላሽ ግዙ እል ነበር። በ2017 በ64 ዶላር ሲመጣ እንደ አይ3-7100 ባለ 2 ኮርና 4 ትሬድ (ጎን ለጎን 4 ሥራ የሚያስኬድ) ነበር። ፔንቲየም በ1993 የኢንቴል ቁንጮ ነበር፤ ኢንቴል በ2006 ኮር 2 የተባለውን ፕሮሰሰር ካወጣ ወዲህ ግን ወደ ታችኛው መደብ ወርዷል። አሁን ችግሩ ሌላ ነው፦ ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ (የደኅንነት ማሻሻያው) ደግሞ በጥቅምት 2025 አብቅቷል። ስለዚህ ቫይረስ ሊኖርበት የሚችል የደንበኛ ፍላሽ ሲሰካበት ለሚውል ማሽን አልመክርም።

ጥያቄ፦ አይ3-12100 ወይስ አዲሱ 14100?

መልስ፦ 12100። ሁለቱም ባለ 4 ኮርና 8 ትሬድ ናቸው፣ ካሽ የሚባለው በውስጣቸው ያለ ፈጣን ሜሞሪም በሁለቱም 12 ሜጋባይት ነው። ከፍተኛው ፍጥነት ከ4.3 ወደ 4.7 ጊጋኸርዝ ከፍ አለ እንጂ ውስጡ ያው ነው። በተረፈው ብር ራም ጨምሪ እህቴ። መጨረሻው ላይ ኤፍ ካለበት ግን የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ ካርድ ካልገዛሽ ስክሪኑ ጨለማ ነው።

ጥያቄ፦ ኤኤምዲስ?

መልስ፦ በጀት ለጠበበው ኤኤም4 (የኤኤምዲ ሶኬት) ያለው ቦርድ ጥሩ ነው። ዛሬ ባለ 2 ኮር አትሎን 200ጂኢ አስገብተህ፣ ነገ ባዮሱን (የቦርዱን ማስነሻ ሶፍትዌር) አዘምነህ ባለ 6 ኮር ራይዘን 5 5600ጂ ልትተካበት ትችላለህ። ከመግዛትህ በፊት የቦርዱ አምራች የሚቀበላቸውን ፕሮሰሰሮች ዝርዝር አጣራ።