«ሚስቴ ሆረር ትወዳለች፣ እኔ ግን እፈራለሁ»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። 34 ዓመቴ ነው፤ ባጃጅ እነዳለሁ። ባለቤቴ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትሠራለች። የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ኑሯችን ደህና ነው፤ ችግራችን ቅዳሜ ማታ ነው። ባለቤቴ ሆረር ፊልም ነፍሷ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስትሰፋ ትከርምና ቅዳሜ በፍላሽ ያስጫነችውን ይዛ ትመጣለች። «ብቻዬን አይጥመኝም፣ ቁጭ በል» ትለኛለች። እኔ መንፈስና ጭራቅ ሲሆን ምንም አይመስለኝም፤ እንዲያውም ያስቀኛል። ሰው በጨለማ ሲከተል፣ ቢላ ሲመዘዝ ግን ላብ በላብ እሆናለሁ። አንድ ቀን መሀል ላይ ተነስቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሙድ ትይዝብኛለች። እህቶቿ ፊት ሳይቀር «ባሌን ሌባ ሳይሆን ፊልም ነው የሚያባርረው» ብላ አሳቀችብኝ። አሁን ቅዳሜ ሲመጣ ፑል ቤት እሄዳለሁ። እሷ ደግሞ «ሌላ ሴት ይዘሃል» ማለት ጀምራለች። ከሁለት ዓመት በፊት ተሳፋሪ መስለው የገቡ ልጆች ማታ አንገቴ ላይ ቢላ አድርገው የቀን ገቢዬንና ስልኬን ወስደውብኝ ነበር። እንዳትጨነቅ ብዬ ለእሷ «ስልኬ ጠፋ» ነው ያልኳት። እሱ ያለፈ ነገር ነው። አሁን የምፈልገው እሷን የሚያስደስት፣ እኔን የማያዋርድ ፊልም እንዲጠቁሙኝና ይህን ፍርሃት የማጠፋበትን መንገድ እንዲነግሩኝ ነው።
ፈሪው ባል

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፊልሞቹን እጠቁምሃለሁ። ሆረር እኔም እወዳለሁ። ግን ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ ነካ አድርገህ ያለፍከው ነገር አለ። ከእሱ ልጀምር።

አንተ ራስህ ለይተህ ጽፈኸዋል። መንፈስ አያስፈራህም፣ ጭራቅ ያስቅሃል። የሚያስፈራህ ጨለማ፣ ሰውና ቢላ አንድ ላይ ሲመጡ ነው። ፈሪ ሰው እንዲህ መርጦ አይፈራም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ያንተም ነገር እሱ ነው። ስምህን «ፈሪው ባል» ብለህ የጻፍከው ሚስትህን ሰምተህ እንጂ ራስህን አይተህ አይመስለኝም።

አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። ከሥራዎቹ አንዱ አደጋን ፈጥኖ መያዝ ነው። አስበን ሳንጨርስ እሱ ይነሳል። አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይመታል፣ መዳፍ ይረጥባል። «ፊልም እኮ ነው» የሚለው ሐሳብ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ባለቤትህ ጎንህ ተቀምጣ ስታይ የእሷም ልብ ይመታል። ልዩነቱ፣ ለእሷ ቢላው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለ ቢላ ነው። አንተ ግን ያንን ብረት አንገትህ ላይ ታውቀዋለህ። ስለዚህ ለእሷ ፊልሙ ሲያልቅ ፍርሃቱ አብሮ ያልቅና ቀለል ይላታል። ላንተ አያልቅም።

እስቲ ልጠይቅህ። ማታ ተሳፋሪ ከኋላህ ሲቀመጥ ትረበሻለህ? ነገሩ የደረሰበትን መንገድ ትሸሻለህ? በህልምህ ይመጣል? ትንሽ ድምፅ ስትሰማ ትደነብራለህ? መልስህ «አዎ» ከሆነ ነገሩ አላለፈም። እንዲህ ያለ ምልክት ከአደጋ በኋላ ከአንድ ወር በላይ ከቆየና ሥራና እንቅልፍ ከነሳ ባለሙያ ሊያየው ይገባል። በንግግር ሕክምና የሚሻሻል ነገር ነው። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ሩቅ አትሄድም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ «ደጋግሜ ባየው እለምደዋለሁ» ብለህ የቢላ ፊልም እየደራረብክ ራስህን ለማከም አትሞክር። ቀስ በቀስ ከሚያስፈራን ነገር ጋር መለማመድ የሚባል ሕክምና በእርግጥ አለ። ግን የሚሠራው መጠኑ ታውቆ፣ ባለሙያ እየመራው ነው። ሶፋ ላይ፣ ሰው እየሳቀብህ አይሆንም።

አሁን ወደ ባለቤትህ። እህቶቿ ፊት የተናገረችው ትክክል አይደለም። እንደጎዳህ ልታውቅ ይገባል። ግን አንድ ነገር አስብ። እሷ የምታውቀው ባሏ ፊልም ትቶ እንደወጣ ነው። ቢላውን አታውቀውም። «ሌባ ሳይሆን ፊልም» ስትል ምን እንደነካች ብታውቅ ኖሮ አፏን የምትይዝ ይመስለኛል። የስልኩን ነገር ደበቅክ፣ ቀጥሎ ፍርሃቱን ደበቅክ፣ አሁን ደግሞ ቅዳሜ ማታ የት እንዳለህ እየደበቅክ ነው። የሌላ ሴት ጥርጣሬ ከዚህ ነው የመጣው። እኔም እሷን ብሆን ሳልጠረጥር አልቀርም።

ስለዚህ ንገራት። ቅዳሜ ማታ ፍላሹ ተሰክቶ ሳለ አይሁን። እሁድ ፍቅር ሐይቅ ዳር ወክ ስታደርጉ፣ ልጅቷ ቀደም ቀደም ስትል ጥሩ ሰዓት ነው። ረጅም ንግግር አያስፈልግህም። «ያኔ ስልኬ ጠፋ ያልኩሽ ተዘርፌ ነው። ቢላ አንገቴ ላይ አድርገውብኝ ነበር። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው የደበቅኩሽ። ቢላ ያለበት ፊልም ሳይ ያ ማታ ይመጣብኛል።» በቃ። ስለ እህቶቿ የምታነሳው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድመህ ካነሳኸው ወሬው ሁሉ ወደ ጭቅጭቅ ይዞራል።

የሚገርም ነገር ልጨምርልህ። በ1986 በእነ ዶልፍ ዚልማን የተሠራ አንድ ታዋቂ የአሜሪካ ጥናት አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ወጣት ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሆረር አዩ። ወንዶቹ ፊልሙን ይበልጥ የወደዱት አጠገባቸው ያለችው ሴት ስትፈራ ነው። ሴቶቹ ደግሞ አጠገባቸው ያለው ወንድ ምንም እንዳልመሰለው ሲሆን። እንግዲህ «ወንድ አይፈራም» የሚለው ሸክም የሐዋሳ ብቻ አይደለም። ባለቤትህ «ብቻዬን አይጥመኝም» ስትል ፊልሙን ብቻ አይደለም የምትፈልገው። እየፈራች የምትጠጋው ሰው ትፈልጋለች። ይህን እንደ ንቀት አትየው፤ ፍቅርም አለበት።

ይኸው ዚልማን ያስተማረን ሌላም ነገር አለ። በፊልም የተቀሰቀሰ ስሜት ፊልሙ ሲያልቅ ወዲያው አይበርድም። ልብ ገና እየመታ ሳለ የሚመጣ ስሜት ከተለመደው በላይ ይገነፍላል። ሳቅ ከመጣ ሳቁ ይጨምራል፤ መተቃቀፍ ከመጣ እሱም ይጨምራል፤ ቁጣ ከመጣም እንዲሁ። ፊልም እንዳለቀ የምትወረወር ቀልድ ይበልጥ የምታቃጥልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ ሕግ አውጡ። ፊልም እንዳለቀ ማንም በማንም ሙድ አይዝም። መብራት ይበራል፣ ሻይ ይፈላል፣ ወሬው ስለ ፊልሙ ይሆናል። ሌላው ሕግ፣ ማናችሁም «ይቁም» ካላችሁ ይቆማል፤ ለምን ብሎ ጥያቄ የለም።

ወደ ፊልሞቹ እንምጣ። ከ«ዘ አዘርስ» (2001) ጀምሩ። ኒኮል ኪድማን ብርሃን የሚጎዳቸው ሁለት ልጆቿን ይዛ መጋረጃው ሁልጊዜ በተዘጋ ትልቅ ቤት ትኖራለች። ደም የለበትም ማለት ይቻላል። የሚያስፈራው በር፣ ኮቴና ዝምታ ነው። ባለቤትህ እጅህን ትይዛለች፣ አንተም መቀመጥ ትችላለህ። መጨረሻውን ማንም እንዳይነግራችሁ።

ቀጥሎ «ዘ ሲክስዝ ሴንስ» (1999)። ብሩስ ዊሊስ የልጆች የሥነ ልቦና ባለሙያ ሆኖ ነው የሚጫወተው። እኔ አላዳላም ብል ማን ያምነኛል? ግን አስቀድሜ ላስጠንቅቅህ። መጀመሪያው ላይ ሰው ቤት ሰብሮ የሚገባበትና ሽጉጥ የሚተኮስበት ትዕይንት አለ። ባለቤትህ እሱን ታሳልፍና ትጥራህ። ከዚያ በኋላ ያለው የአንድ ትንሽ ልጅና የእናቱ ታሪክ ነው። የመኪናው ውስጥ ንግግራቸው አሁንም ያስለቅሰኛል።

«ኤ ኳይት ፕሌስ» (2018) ለባልና ሚስት የተሠራ ነው ብል አላጋነንኩም። ጆን ክራዚንስኪ አዘጋጅቶት ራሱም ተውኖበታል። ሚስት ሆና የምትጫወተው ኤሚሊ ብለንት እውነትም ሚስቱ ናት። ድምፅ ሰምተው የሚያድኑ አውሬዎች አሉ፤ ቤተሰቡ ትንፋሹን ውጦ ይኖራል። ያንተ ዓይነት ፍርሃት ላለበት ሰው ጠላቱ አውሬ መሆኑ ይረዳል። አደራ፣ ትርጉም ፊልሙን አታስጭኑ። ፊልሙ በሙሉ ዝምታ ነው፤ ተራኪው ላዩ ላይ ሲያወራበት ምን ሊቀር ነው!

ማልቀስ ካማራችሁ የኮሪያውን «ትሬን ቱ ቡሳን» (2016) እዩ። ሥራ ብቻ የሚያውቅ አባት ልጁን ይዞ ባቡር ተሳፍሯል፤ ባቡሩ ውስጥ ዞምቢ ይነሳል። ደም አለው፣ ሩጫው ግን ከጭራቅ ነው። ትሪለር ከሆነ «ሰርቺንግ» (2018)። የጠፋች ልጁን የሚፈልግ አባት ነው። ፊልሙ በሙሉ የሚታየው በኮምፒውተርና በስልክ ስክሪን ላይ ነው። ቢላ የለም፣ ጭንቀቱ ግን እስከ መጨረሻ አይለቅም። «ዘ ኮንጀሪንግ» (2013) የመንፈስ ነው። ደም ሳይበዛበት፣ እንዲሁ በማስፈራቱ ብቻ አሜሪካ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ወላጅ ወይም ሌላ አዋቂ ሳይኖር እንዳይገባ ተብሏል። አንተ እንደምትለው መንፈስ የሚያስቅህ ከሆነ፣ የዚያን ቀን የምትስቀው አንተ ነህ። በእሷ ግን ሙድ አትያዝ፤ ሕጉ ለሁለታችሁም ነው።

ለጊዜው ይቆዩ የምልህ «ሃሎዊን» (1978)፣ «ስክሪም» (1996) እና «ሳይኮ» (1960) ናቸው። ጥሩ ፊልሞች ናቸው፤ ግን ሦስቱም ቢላ ናቸው። የ«ሳይኮ»ን የሻወር ትዕይንት ለማየት የግድ ካላችሁ ድምፁን አጥፍታችሁ ሞክሩት። ፍርሃቱ ግማሹ ቫዮሊኑ ነው። የሚፈሰውም ደም የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር። «ሄሬዲታሪ» (2018)ን ደግሞ ከእህቶቿ ጋር ትየው። የቤተሰብ ሐዘን ነው፤ ከባድ ነው፤ አንተ ለእሱ አትገደድም።

ስለ ልጅህ ከዕድሜዋ ሌላ ምንም አልጻፍክም፤ ይህ ግን አሳሰበኝ። ስትተኛ የት ነው የምትተኛው? ቤታችሁ ሳሎኑ በመጋረጃ የተከፈለ ከሆነ እሷም እየሰማች ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ «ውሸት ነው» ሲሉት አይረጋጋም፤ የሚያስፈራ መልክና ድምፅ ውስጡ ይቀራል። ጆአን ካንተር የምትባል ተመራማሪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠይቃ፣ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ያዩት ፊልም ትቶባቸው የሄደውን ፍርሃት ዓመታት ቆይተውም አስታውሰው ነግረዋታል። ልጅቷ እንቅልፍ ሳይወስዳት ፊልም አይከፈት፤ ከተከፈተም በኢርፎን ይሁን።

ፑል ቤቱን እንድትተው አልልህም። ከጓደኞችህ ጋር መጫወት ጥሩ ነው። ብቻ ስትወጣ የት እንደምትሄድና ስንት ሰዓት እንደምትመለስ ንገራት፤ ቀኑንም ከቅዳሜ ወደ ሌላ ቀን አዙረው።