«ይማርህ» ስንል

ልጆቼ፣ ባለፈው ስቅለት ደብረ ብርሃን ላይ ከጎኔ የሚሰግድ አንድ ጎረምሳ ነበር። «ኪርያላይሶን» እያለ ላቡ ጠብ ይላል። አረፍ ሲል ጠጋ ብሎ «አባባ፣ ምን ማለት ነው?» አለኝ። «አቤቱ ማረን» አልኩት። «ምን አጥፍቼ?» ብሎ ሳቀ። ጥያቄው እቤት ድረስ ተከተለኝ።

ቃሉ የግሪክ ነው። «ኪርዬ» ጌታ ሆይ ነው፤ «ኤሌይሶን» ደግሞ «ኤሌኦስ» ከሚባለው ምሕረት የወጣ ልመና። እኛ ምሕረት ሲባል ቶሎ የሚታየን ዳኛና ጥፋተኛ ነው። ማርቆስ 10ን ግን እዩት። ዓይነ ስውሩ በርጤሜዎስ «ማረኝ» ብሎ ሲጮኽ ግሡ ያው ነው። ምን ላድርግልህ ሲባል ይቅር በለኝ አላለም። ማየት ነው የፈለገው። ሉቃስ 10 ላይ ያለው ሳምራዊም «ምሕረት ያደረገለት» የተባለው ማንንም ይቅር ብሎ አይደለም። ቁስል አሰረ፣ በራሱ አህያ ጫነ፣ ለማደሪያው ሁለት ዲናር ከፈለ። ምጽዋት እንኳ በግሪኩ ከዚሁ ሥር ነው የሚወጣው።

አንዳንድ ሰባኪ «ኤሌኦስ»ን ዘይት ከሚለው «ኤላዮን» ጋር ያዛምደዋል። ለጆሮ ይጥማል፤ ድምፃቸው ተቀራረበ እንጂ ዘመድ አይደሉም።

እኛ እኮ ነገሩን እናውቀዋለን። በሽተኛ ስንጠይቅ «እግዜር ይማርህ» አይደል የምንለው? ወባ የያዘው ሰው ምን አጠፋ?

እናንተ ዛሬ ነገ ሥራ ትይዛላችሁ። ባለጉዳይ ፊታችሁ ቆሞ «ማረኝ» ሲል፣ ጥፋቱን ከመፈለጋችሁ በፊት የት እንዳመመው ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም ነበር።

ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። መንዝ ጀማሪ ሳለሁ አንድ በርኖስ የደረቡ አባት እያነከሱ መጡ። የእግራቸው ቁስል ከርሟል፤ ያሰሩበት ጨርቅ ከሥጋው ተጣብቋል። «እስከ ዛሬ የት ነበሩ?» ብዬ ጮኽኩባቸው። አንገታቸውን ደፍተው «ማረኝ ልጄ» አሉ። እኔ ሞኙ ይቅርታ የጠየቁኝ መስሎኝ «በሉ፣ ሁለተኛ እንዳይለምድዎት» ብዬ ካርድ ላይ አቀረቀርኩ።

እሳቸው ዝም ብለው እግራቸውን ወደኔ ገፋ አደረጉት።

ለብ ባለ ጨው ውኃ ጨርቁን እያራስኩ ሳላቅቅ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። አንድም ቃል አልተናገሩም። «ይማርዎት» ማለቱ ትዝ ያለኝ ከበር ከወጡ በኋላ ነው።