ምግብ ማብሰል የማያዝናናኝ ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ የምኖር፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቢሮ ስገባ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ሽንኩርት መክተፍ እጀምራለሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «እኔ ድካሜ የሚወጣልኝ ወጥ ስሠራ ነው» ስትል እሰማለሁ፤ እኔ ግን ማጀት መግባት ዕዳ መክፈል ሆኖብኛል። ባለቤቴ ሊያግዘኝ ፈቃደኛ ቢሆንም «ምን ልሥራ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ይብሱን ይደክመኛል። አማቴ ደግሞ የተገዛ እንጀራ ሳቀርብ ምንም አይሉም፤ ዝምታቸው ግን ይከብደኛል። የጎደለኝ ሙያ ነው ወይስ ፍላጎት?

መልስ፦ ደብዳቤዎን ስናነብ የታየን የሙያ ጉድለት ሳይሆን ፋታ ማጣት ነው። ባልደረባዎ በየስንት ቀኑ እንደሚያበስሉ ቢጠይቋቸው ብዙ ነገር ይገለጥልዎታል። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ልጆች ሳይራቡና ማንም ሳያጣድፈው፣ ደስ ያለውን ወጥ የሚሠራ ሰው ቢዝናና አያስገርምም፤ ማክሰኞ ማታ ከሥራ መልስ ምድጃ ፊት የሚቆም ሰው ግን ያንኑ ሽንኩርት ቢከትፍም የያዘው ሌላ ሥራ ነው። ልብስ ማጠብ አላዝናናኝም ብሎ የሚጨነቅ ሰው እስካሁን አልገጠመንም፤ ምግብ ማብሰልም ቢሆን የግድ ሊወደድ አይገባውም።

ከሁሉ ይበልጥ ያደከመዎት «ዛሬ ምን ይበላ?» የሚለው ጥያቄ ይመስለናል። ረቡዕና ዓርብ ጾም መሆኑን፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ሙሉ ምን እንደሚቀርብ፣ ሽሮው ማለቅ አለማለቁን የሚያስታውሱት እርስዎ ብቻ ነዎት። ይህን በየማታው ከማሰብ ይልቅ ዓርብ ማታ ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጣችሁ የሳምንቱን ወጥ ወስናችሁ በወረቀት ብትጽፉት፣ በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ ሲወጣም ምን እንደሚገዛ የታወቀ ይሆናል።

ከዚያ ቀጥሎ ጊዜዎን የሚበላው ቁሌቱ ነው። የሽንኩርት ክብደት አብዛኛው ውሃ በመሆኑ ያ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ መቅላት አይጀምርም፤ እሳት በማብዛት ላፋጥነው ቢሉ ከሥሩ ያርርና ከላይ ጥሬ ይቀራል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ 3 ኪሎ ያህል ሽንኩርት አድቅቀው ከትፈው፣ በሰፊ ድስት መጀመሪያ ያለ ዘይት ያቁላሉት፤ ውሃው መጥጦ ሽንኩርቱ የድስቱን ሥር መያዝ ሲጀምር ዘይቱን ይጨምሩ። ከፊሉን ለአልጫ አስቀርተው በቀረው ላይ በርበሬውን ያስገቡና ጠብ ጠብ እያደረጉ ውሃ እየጨመሩ ሽታው እስኪለወጥ ድረስ ያማስሉት። ቅቤ ግን አይግባበት፤ በዘይት የተሠራ ቁሌት ለጾሙም ለፍስኩም ስለሚሆን፣ ንጥር ቅቤው በፍስክ ቀን ወጡ ሊወጣ ሲል ቢጨመር ይበቃል። ለአንድ ድስት ወጥ የሚበቃውን እየለዩ በትናንሽ ዕቃ ቢያስቀምጡት በፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን፣ በፍሪዘር ደግሞ ከዚያ በጣም ለበለጠ ጊዜ ይቆያል። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ከቀለጠና ከሞቀ ግን ሳይሳሱ ይድፉት። ቁሌቱ ካለ ምስር ክክም ሆነ ሽሮ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ይበቃዋል።

ሽምብራና ባቄላ አልበስል ብሎ የሚያበሳጭዎት ከሆነም ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህም ጥራጥሬ በቆላ አገር ከሚወስደው ጊዜ የበለጠ ይፈልጋል። ማታ ዘፍዝፎ ማደርና፣ አቅም ከፈቀደ፣ እንፋሎት አፍኖ የሚያበስለውን ድስት መግዛት ይህን ያቃልላል። የሐይቅ ዳር ሰው መሆንም አንድ ጥቅም አለው፦ ፊሌቶ ሆኖ የተገዛ ቀረሶ ጨውና ሎሚ ተደርጎበት፣ ዱቄት ነክቶት ሲጠበስ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። በጾም ቀን ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለየቤቱ ልማድ እንተወዋለን።

የተገዛ እንጀራን በተመለከተ ሐሳባችን ግልጽ ነው፤ ይግዙ። ጤፉን አቡክቶ ለቀናት ማቆየት፣ አብሲት መጣል፣ ከዚያም ምጣድ ፊት መቆም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ይጠይቃል፤ መብራቱ በመሐል ቢጠፋም የተረፈው ሊጥ ይኮመጥጣል። ጎረቤት ካለች ጎበዝ ጋጋሪ ሲገዙ የሚከፍሉት ለባለሙያ ነው። አማትዎም ዝም ያሉት ምናልባት እንጀራው ጥሩ ስለሆነ ሊሆን ይችላል፤ ካልተናገሩት ላይ ወቀሳ አይፈልጉ።

የባለቤትዎ ጉዳይ ይቀረናል። «ምን ልሥራ?» የሚል ረዳት እጁን እንጂ ሐሳቡን አላዋጣም፤ በዚህ ላይ እርስዎን አለቃ ያደርግዎታል። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ማታ ሙሉ በሙሉ የእሳቸው ይሁን፤ የሚሠራውንም ይምረጡ፣ የጎደለውንም ይግዙ፣ ድስቱንም ይጠቡ። ሽሮው ቢቀጥን ወይም ጨው ቢበዛበት በዚያ ማታ ወደ ማጀት አይግቡ፤ ማስተካከል ከጀመሩ ሥራው በሳምንቱ ወደ እርስዎ ይመለሳል። ቁሌቱ ከፍሪጅ እንዳለ ይንገሯቸው፤ የቀረውን ራሳቸው ይድረሱበት።