«ሐኪሙ መጠይቅ ሰጠኝ፤ ለፊቴ ምን ይፈይዳል?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ23 ዓመት ሴት ነኝ። አገጬና ጉንጬ ላይ ብጉር ይወጣብኛል። ብዙ አይደለም፤ ግን ፎቶ መነሳት ካቆምኩ ቆየሁ። የቪዲዮ ስብሰባ ሲኖርም ካሜራዬን አልከፍትም። የቆዳ ሐኪም ጋ ስሄድ 10 ጥያቄ ያለበት ወረቀት ሰጠኝ። «ባለፈው ሳምንት ቆዳሽ ምን ያህል አሳፍሮሻል?» ምናምን ይላል። ያፌዘብኝ ስለመሰለኝ ሁሉንም «በፍጹም» ብዬ ሞላሁት። እሱም «ቀላል ነው» ብሎ አዳፓሊን የሚባል የብጉር ቅባት አዘዘልኝ። ሲያቃጥለኝ በሁለተኛው ሳምንት ተውኩት። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አላፌዘብሽም። ግን ለምን እንደሚጠይቅሽ ሳይነግርሽ ወረቀት ማቀበሉ ልክ አልነበረም።

ከገለጻሽ እንደምረዳው፣ የሞላሽው ፊንሌይና ካን የተባሉ የካርዲፍ (ብሪታንያ) ባለሙያዎች በ1994 ያወጡት የቆዳ ሕመምተኞች መጠይቅ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ነጥብ አለው፤ ድምሩ 30 ነው። 0 ወይም 1 ማለት ሕመሙ ኑሮሽን አልነካውም ማለት ነው። ከ6 እስከ 10 መካከለኛ ነው። ከ11 ጀምሮ ጉዳቱ ከባድ ነው እንላለን። አንቺ 0 አመጣሽ! ሐኪሙ ጥቂት ብጉር አየ፣ 0 አነበበ፣ «ቀላል ነው» አለ። ካሜራውን ማን ነገረው?

የብጉር ብዛትና የሰው ጭንቀት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ፊቱን ብጉር የሞላው ልጅ 3 ነጥብ አምጥቶ እየሳቀ ይወጣል። ሦስት አራት ብጉር ያላት ደግሞ 15 ታመጣለች፤ ስታወራኝም እጇ ከአገጯ አይወርድም። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ሕክምና አላዝም።

እውነቱን ለመናገር እኔ ለብጉር የምመርጠው እዚያው ካርዲፍ የተሠራውን አጭሩን ነው። ጥያቄው 5 ብቻ ነው፤ ያለፈውን አንድ ወር ይጠይቃል። አንቺ የሞላሽው ስለ ልብስ ምርጫም ይጠይቃል፤ ይህ ጥያቄ ፊት ላይ ለወጣ ብጉር እምብዛም አይረዳም።

ወደ ቅባቱ ስንመጣ፣ አዳፓሊን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማቃጠሉ፣ ማድረቁ፣ ቆዳ ማላጡ የተለመደ ነው። ብጉሩም ለጊዜው ሊብስ ይችላል። ለውጡ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በሁለት ሳምንት ከሱ ምንም አይጠበቅም።

አብዛኛው ሰው ብጉሩ ላይ ብቻ ጠብ ያደርገዋል፤ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ማታ ፊትሽን በለስላሳ ሳሙና ታጠቢና በደንብ ይድረቅ። የአተር ፍሬ የምታክል ጣትሽ ላይ አውጪ። ግንባር፣ ሁለቱ ጉንጭ፣ አገጭ ላይ ነካ ነካ አድርገሽ መላ ፊትሽን ቀቢ። ዓይንና ከንፈር አጠገብ አታድርሺ። መጀመሪያ አንድ ማታ እየዘለልሽ ተጠቀሚ፤ ቆዳሽ ሲለምድ በየማታው ይሁን። ካቃጠለሽ ቀድመሽ ማለስለሻ ተቀቢ። ቀን ላይ ከፀሐይ ተከላከዪ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ለማርገዝ ካሰብሽ ግን አትጀምሪው፤ ለሐኪምሽ ንገሪው።

ጓደኛ «ቶሎ ያጠራል» የምትልሽን ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ደግሞ በዓይንሽም አትዪው። ራሱ ብጉር ያመጣል።

አሁን ተመለሺና መጠይቁን እንደገና ልሙላ በዪው፤ የካሜራውንም ነገር አትደብቂው። ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ትሞያለሽ። ነጥቡ ቢያንስ በ4 ከወረደ ሕክምናው ኑሮሽንም አቅልሎታል ማለት ነው። የቅባቱን ቱቦም ይዘሽ ሂጂ። አዳፓሊን 0.1 እና 0.3 ፐርሰንት አለው፤ ያቃጠለሽ ጠንካራው ከሆነ ወደ ቀላሉ ሊያወርድልሽ ይችላል።